ተራራ ወይስ በር? አንኮበርን በሥዕል ስለ ማየትና ስለ ማስተማር

፩

ሠዓሊ የአንድን አገር መልክ እንዴት አድርጎ እንደሚያሳይ ለተማሪ ማስተማር ቀላል ሥራ ይመስላል። ሥዕሉን በግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ የሠዓሊውን ስምና ዘመን ተናግሮ፣ ስለ ብርሃኑና ስለ ቀለሙ ጥቂት ቃል ጨምሮ ወደሚቀጥለው ማለፍ ይቻላል። እኔም ትምህርቴን በውጭ አገር ፈጽሜ በተመለስኩባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ግን፣ እንዲህ ያለው አካሄድ የሚያስተምረው ጥቂት፣ የሚሸሽገው ብዙ መሆኑን፣ አንኮበርንና ደብረ ብርሃንን ምሳሌ አድርጌ ለማሳየት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን እንድመረምር ያስገደደኝ የራሴ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተማሪዎቼ እያንዳንዳቸው የተወለዱበትን ቦታ ሥለው እንዲያመጡ አዘዝኋቸው። ከቀረቡልኝ ሥዕሎች የሚበዙት አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ክዳኑ ሣር የሆነ ክብ ጎጆ፣ ከኋላው ሁለት ሦስት ተራራ፣ በተራሮቹ መካከል የምትወጣ ፀሐይ። በደብረ ብርሃን ከተማ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ በቆርቆሮ ቤት ተወልደው ያደጉትም የሣሉት ይህንኑ ጎጆ ነው። አንድ ከአንኮበር ቍልቍለት የመጣ ተማሪ ግን ሌላ ነገር አመጣ። በወረቀቱ ግርጌ የተጫኑ ግመሎች፣ ከዚያ በላይ የገበያ ሜዳ፣ ከዚያ በላይ የማሽላና የጤፍ፣ ወደ ላይ ሲሄዱም የገብስ እርሻ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከቤቶቹ ሁሉ የሚበልጥ ቤተ ክርስቲያን ሥሎ፣ ይህን ሁሉ በአንድ ጠመዝማዛ መንገድ አያይዞታል። ሰማይና ምድር የሚገናኙበት መስመር በሥዕሉ የለም፤ የራቀው አላነሰም፣ የቀረበውም አልጎላም። እኔም «የርቀት ሕግ አልተጠበቀም፤ ይህ ካርታ እንጂ ሥዕል አይደለም» ብዬ ጽፌ ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠሁት። ጎጆና ፀሐይ ለሣሉት ግን፣ የአድማስ መስመራቸው የተስተካከለ ስለ ነበረ፣ ደኅና ነጥብ ሰጠኋቸው።

ተማሪው አልተከራከረኝም። ወረቀቱን ሲቀበል ብቻ «መምህር፣ እርስዎ ያሉት ከሩቅ ለሚያየው ሰው ነው፤ እኛ ግን የምንወጣበትና የምንወርድበት ነው» አለኝ። በዚያን ጊዜ ቃሉን እንደ ማመካኛ ቈጠርሁት። ኋላ ግን፣ በአንኮበር ላይ የተሠሩትን ጥንታውያን ሥዕሎች ለትምህርት ሳዘጋጅ፣ ልጁ በአንድ ዐረፍተ ነገር የተናገረው እኔ በብዙ ሰዓት ላስተምረው ይገባኝ የነበረው መሆኑን ተረዳሁ።

፪

ስለ አንኮበር የተሠሩትን የአውሮፓ ሥዕሎች የሚመረምር ሰው አስቀድሞ የሚያገኘው የዮሐን ማርቲን በርናትዝን ሥራ ነው። በርናትዝ በ1802 በጀርመን አገር በሽፓየር ከተማ የተወለደ ሠዓሊ ሲሆን፣ ወደ እኛ አገር የመጣው በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ጋር ነው። ቡድኑ በ1841 ከታጁራ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሓ አቋርጦ፣ ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ ደረሰ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ፤ መልእክተኞቹም እስከ 1843 በሸዋ ቈዩ። ሃሪስ ያየውንና የሰማውን በ1844 በሦስት ጥራዝ አሳተመ። የበርናትዝ የሥዕል መጽሐፍ ደግሞ በ1852 በሁለት ክፍል ታትሞ ወጣ። ሥዕሎቹ በድንጋይ ላይ እየተቀረጹ የታተሙ ናቸው፤ የመጀመሪያው ክፍል የአፋርን ቈላ፣ ሁለተኛው ክፍል የሸዋን ደጋ ያሳያል።

በቅድሚያ የሠዓሊውን ዋጋ መመስከር ይገባል። በርናትዝ የሠራው የፎቶግራፍ መሣሪያ በሸዋ ባልታወቀበት ዘመን ነው። የንጉሡን ችሎት፣ የገበያውን ሕዝብ፣ የቤቱን አሠራር፣ የልብሱን አለባበስ በትጋት መዝግቧል። በአንኮበር ኮረብታ ላይ የነበረው የሣህለ ሥላሴ ግቢ ዛሬ ስለሌለ፣ የዚያን ዘመን ከተማ በዐይኑ ሊያይ የሚሻ ሁሉ ከእነዚህ ሥዕሎች ሊያልፍ አይችልም። የበርናትዝን ሥራ «የባዕድ ሥራ ነው» ብሎ የሚጥል መምህር ተማሪውን አንድ ትልቅ ምስክር ያሳጣዋል።

ነገር ግን ምስክር ሁሉ በችሎት ፊት መጠየቅ አለበት። ምስክሩ የት ቆሞ ነበር? ማን ጠራው? የሚናገረውስ ለማን ነው? በርናትዝ ወደ ሸዋ ከመምጣቱ በፊት፣ በ1836 እና በ1837፣ ከሊቁ ከጎትሂልፍ ሃይንሪክ ፎን ሹበርት ጋር ቅድስት አገርን ዞሮ ሥሏል። ወደ አንኮበር የመጣው ዐይን እንግዲህ ባዶ ዐይን አልነበረም፤ በረሓን፣ ተራራን፣ በተራራ ላይ የተቀመጠን ከተማ ለአውሮፓ ምእመን አስጊጦ ማቅረብን አስቀድሞ የለመደ ዐይን ነው። ሥዕሎቹን የሚገዛውም የሸዋ ሰው አይደለም፤ በለንደንና በሙኒክ በምቹ ወንበር ተቀምጦ የሩቅ አገር ጕዞ የሚያነብ ሰው ነው። ይህ ነቀፌታ አይደለም፤ ካናሌቶም በ18ኛው ክፍለ ዘመን የቬኒስን ከተማ ሲሥል ከዋና ዋናዎቹ ገዦቹ መካከል አገር ሊያዩ የሚመጡት እንግሊዛውያን መኳንንት ነበሩ። ገዢ ሠዓሊውን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ የሚቆምበትን ቦታ ግን ይመርጥለታል።

፫

የበርናትዝን መጽሐፍ የምነቅፈው በአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በአከፋፈሉ ነው። እስካሁን ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እየነጠልን በማሳየታችን ይህ አከፋፈል ከዐይናችን ተሰውሮ ቈይቷል። መጽሐፉ የመንገደኛውን ጕዞ ተከትሎ ከባሕር ወደ ተራራ ይወጣል። ቈላው አንድ ክፍል ነው፤ ደጋው ሌላ ክፍል ነው። አንባቢው አስቀድሞ በጨው ሐይቅና በሚያቃጥል ምድር ውስጥ ይደክማል፤ ያን ጨርሶ ሁለተኛውን ክፍል ሲገልጥ አረንጓዴው ደጋ፣ ንጉሡና ከተማው ይቀበሉታል። የሃሪስ ጽሑፍም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። በዚህ ሥርዐት አንኮበር የመከራ ጕዞ ፍጻሜ፣ የመንገደኛ ዕረፍት፣ ከበረሓው በላይ የተሰቀለ ተራራ ትሆናለች።

ነገሩን ከነዋሪው በኩል ብናየው ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያው ክፍል የምናየው የአሳል ሐይቅ ጨው በሐይቁ ዳር አይቀርም፤ አፋሮች በግመል ጭነው ከአንኮበር በታች ወዳለው ገበያ ያመጡት ነበር። በሁለተኛው ክፍል የምናየው የአልዩ አምባ ገበያ ደግሞ ይህ ጨው ተራግፎ በእህልና በጨርቅ የሚለወጥበት ቦታ ነው። የአልዩ አምባ ነጋዴዎች ከሞላ ጎደል እስላሞች ነበሩ፤ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ከሐረር የመጣው ሰው፣ ከደጋ ከወረደው ክርስቲያን ገበሬ ጋር በዚያ ይገናኙ ነበር። ንጉሡም ከባሕር የሚመጣውን ዕቃና እንግዳ የሚቈጣጠሩት በዚሁ ቍልቍለት አፍ ነበር። ጨው ያያያዘውን የመጽሐፉ አከፋፈል ለያየው ማለት ነው።

ይህን የሚያጸና አንድ ሌላ ምስክር አለ። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን በ1842 በዚያው በረሓ መንገድ መጥቶ በአልዩ አምባ ለወራት ተቀመጠ፤ መጽሐፉንም በ1844 አሳተመ። ያረፈበት ቦታ ከገበያው መካከል ስለ ሆነ፣ ስለ ንግዱና ስለ ጎረቤቶቹ ኑሮ ብዙ ይናገራል። ዘመኑ አንድ፣ ተራራው አንድ፣ የሁለቱም የመምጫ መንገድ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ጆንስተን ያየው አንኮበር ወደ ላይ የሚታይና ዕለት ዕለት የሚያወጣና የሚያወርድ አንኮበር ነው። ተማሪ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ቢያይ፣ የአንድ አገር መልክ ከሚታደርበት ቤት ጋር እንደሚለዋወጥ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የቦታው ስም ራሱ ነው። አንኮበር ማለት «የአንኮ በር» ማለት ነው ይላሉ፤ አንኮም በጥንት ዘመን ያን ምድር የገዛች ሴት ናት ይባላል። የአንኮ ታሪክ የቱን ያህል እውነት እንደ ሆነ መወሰን የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። የማያጠራጥረው ግን በሕዝቡ አፍ ቦታው «አምባ» ወይም «ደብር» አለመባሉ ነው፤ የተባለው «በር» ነው። ስም የሰጠው ሰው ያየው የተራራውን ከፍታ ሳይሆን በተራራው በኩል የሚያልፈውን ነው። ሠዓሊው ተራራ አድርጎ ያሳየንን ነዋሪው በር ብሎታል። ተማሪዬም በዚያ ወረቀት ላይ የሣለው በሩን ነበር፤ እኔ የጠየቅሁት ተራራውን ነበር።

፬

«እንግዲያውስ የእኛ ሰዎች ስለ ቦታ የሠሩትን ብቻ እናስተምር» የሚል ቢነሣ፣ እርሱም ከስሕተት አያመልጥም። የእኛውም ሥራ የሚያሳየውና የሚሸፍነው አለውና።

ደብረ ብርሃንን እንውሰድ። ስለዚህች ከተማ ከተሠሩት ምስሎች የቀደመው በቀለም የተሣለ ሳይሆን በግእዝ የተጻፈ ነው፤ ይኸውም የዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዜና መዋዕል ነው። ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ከ1434 እስከ 1468 ነገሡ። በዚያ ቦታ ሳሉ ከሰማይ ብርሃን ስለ ታየ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ከተማም ቈረቈሩ፤ ስሙም ደብረ ብርሃን ተባለ። ከሊቃውንት አንዳንዶቹ ያ ብርሃን በ1456 የታየው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ጸሐፊው ስለ ሜዳው ስፋት ወይም ስለ ብርዱ ሊነግረን አልደከመም፤ የቦታው መልክ ለእርሱ ብርሃኑ ነው። ነገር ግን ያው ታሪክ፣ ብርሃኑ የታየው ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት በድንጋይ ተወግረው ከሞቱ በኋላ መሆኑን ይነግረናል። ስሙን የሚሰማ ሰው ብርሃኑን ያስባል እንጂ ድንጋዩን አያስብም። ስምም እንደ ሥዕል ነው፤ አንዱን ፊት ለብርሃን ሲሰጥ ሌላውን በጥላ ይተወዋል።

ስሙ ደግሞ ከቦታው ተነሥቶ ሄዷል። በክፍል ውስጥ «ደብረ ብርሃን ሥላሴ» ስል፣ የብዙ ተማሪ ልብ የሚሄደው ጣሪያው በመላእክት ፊት ወደ ተሞላው ወደ ጎንደሩ ቤተ ክርስቲያን ነው። ያ በዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ዘመን የተሠራው ደብር ስሙን ያገኘው ከሸዋው ደብረ ብርሃን ነው ይባላል። የሸዋው ከተማ ስሙን አበደረ፤ ሥዕሉ ግን በጎንደር ቀረ። ከተማ በሥዕል ያልተገለጠ እንደ ሆነ ሌላው በእርሱ ስም መልክ እንደሚያገኝ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንም ስለ ቦታ የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። የከበረውን ያተልቁታል፤ ጻድቁን ሙሉ ፊት፣ ክፉውን በአንድ ዐይን ያሳዩታል፤ አገሩን በአንድ ዛፍ፣ በአንድ ድንኳን ወይም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምልክትነት ያመለክቱታል። ይህ ሕግ ርቀትን አይለካም፤ ክብርን ይለካል። የተማሪዬ ቤተ ክርስቲያን ከቤቶቹ ሁሉ መብለጡ ከዚህ የመጣ እንጂ ካለማወቅ የመጣ አልነበረም። ሆኖም ይህም ሕግ የሚሠዋው አለ፤ በምልክት የተመለከተ ተራራ የትኛውም ተራራ ሊሆን ይችላልና የአንኮበርን ተራራ ከመንዙ ለይቶ አያሳውቀንም።

ስለ አዲሱ ዘመን ደግሞ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። የተወለዱት በ1932 በዚሁ በአንኮበር ነው፤ በለንደን በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው፣ ለአገራቸው ብዙ ሠርተው፣ በ2012 አረፉ። በተወለዱበት ጊዜ አንኮበር መናገሻነቷን ካጣች ዓመታት አልፈው ነበር፤ አዲስ አበባ በ1886 ተቈርቍራለችና። ከሥራቸው እጅግ የታወቀው በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው፣ 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የመስተዋት ሥዕል ነው፤ ያለፈውን፣ የዛሬውንና የሚመጣውን የአፍሪካ ዘመን በሦስት ክፍል ያሳያል። በሌላው የታወቀ ሥራቸው ኢትዮጵያ እናት ሆና ትታያለች። የእኒህ ሠዓሊ ዐይን ከአንድ ኮረብታ ተነሥቶ አህጉርን ያየ ዐይን ነው፤ ለነጻነት ዘመንም ይህ ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ አገር በእናት፣ አህጉር በሰልፈኛ ሕዝብ ሲመሰል፣ ትንሿ ከተማ፣ ገበያዋና ቍልቍለቷ የሚገቡበት ቦታ ይጠብባል። ይህን የምለው ሠዓሊውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ታላቅ ሠዓሊ ማፍራት ለትውልድ ቦታ መልክ መስጠት ማለት አለመሆኑን ለማሳየት ነው። ያ ሥራ ለተማሪዎቻችን ቀርቷል።

፭

እንግዲህ እንዴት እናስተምር? እኔ ከስሕተቴ በኋላ የያዝሁትን መንገድ ባጭሩ ልግለጥ።

በመጀመሪያ፣ ተማሪዎቹ የበርናትዝን ሥዕል ከማየታቸው በፊት ቦታውን በቃል እንዲነግሩኝ አደርጋለሁ። በ1960 አሜሪካዊው ኬቪን ሊንች ስለ ከተማ ምስል ባሳተመው መጽሐፍ፣ የቦስተን፣ የጀርሲ ሲቲና የሎስ አንጀለስ ነዋሪዎች ከተማቸውን ከልባቸው አውጥተው እንዲሥሉ ጠይቆ፣ መንገድን፣ ጠርዝን፣ ሰፈርን፣ መገናኛንና ምልክትን የከተማ ምስል አምስት አካላት አድርጎ ለይቷል። እኔ «ካርታ ነው» ብዬ የናቅሁት ወረቀት አምስቱንም ይዞ ነበር።

ሁለተኛ፣ ሥዕሉን ይዘን ወደ ቦታው እንሄዳለን። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርዳማውን ሜዳ አቋርጠን፣ ጎረቤላን አልፈን፣ በጥንቱ ግቢ ኮረብታ ላይ ቆመን ወደ ምሥራቅ እናያለን። ከዚያ ተማሪዎቹ እያንዳንዱ ሥዕል ከየት ተቁሞ እንደ ተሣለ እንዲፈልጉ አደርጋለሁ። ወደ አልዩ አምባ ወርደን ደግሞ ያንኑ ተራራ ከታች ወደ ላይ ይሥሉታል። በአንድ ቀን ሁለት ሥዕል የሠራ ተማሪ፣ «የትኛው ነው እውነተኛው?» የሚለው ጥያቄ ራሱ የተሳሳተ መሆኑን ይገነዘባል።

ሦስተኛ፣ ለማንኛውም የአገር ሥዕል አንድ ጥያቄ እንጨምራለን፤ ይህ ሥዕል ምኑን ከምኑ ለየው? የጃፓኑ ሂሮሺጌ ከ1856 እስከ 1858 የኤዶን ከተማ ዕይታዎች ባወጣ ጊዜ፣ ከተማዋ በ1855 በምድር መንቀጥቀጥ ፈርሳ በመታደስ ላይ ነበረች፤ ከሥዕሎቹ በሚበዙት ግን ፍርስራሹ አይታይም። ያልታየውን መፈለግ የታየውን ማቃለል አይደለም፤ የሠዓሊውን ምርጫ እንደ ምርጫ ማክበር ነው።

በዚህ ላይ የሚቀርብ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ። የሥዕል ትምህርት በዚህ መንገድ ከሄደ የጂኦግራፊና የንግድ ታሪክ ሎሌ ይሆናል፤ ሥዕል የሚመዘነው በመስመሩና በቀለሙ ነው የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ መስመር ያልተማረ ተማሪ ስለ ጨው ንግድ ቢያወራ ሠዓሊ አይሆንም። የርቀትንም ሕግ ዛሬም አስተምራለሁ። ነገር ግን የአድማስ መስመር በወረቀቱ ላይ የሚወድቀው ሠዓሊው ቆሞ ባለበት ቦታ መጠን ነው፤ ከላይ የቆመ ከፍ ያደርገዋል፣ ከታች የቆመ ዝቅ ያደርገዋል፣ የሚወጣና የሚወርድ ሰው ግን አንድ አድማስ የለውም። ስለዚህ የመቆሚያ ቦታ ጥያቄ ከመስመር ጥያቄ ውጭ አይደለም፤ የመስመር የመጀመሪያው ጥያቄ እርሱ ነው።

ይህን ሁሉ ያልሁት ስለ አንድ ጥንታዊ የሥዕል መጽሐፍ ብቻ ተጨንቄ አይደለም። ደብረ ብርሃን በእኛ ዘመን ዩኒቨርሲቲና የኢንዱስትሪ ፓርክ የተሠሩባት ከተማ ናት፤ ልጆቿ ግን «አገርህን ሣል» ሲባሉ ያልኖሩበትን ጎጆ ይሥላሉ። ያን ጎጆ በልባቸው ያኖረው በርናትዝ አይደለም። የአድማስ መስመሩን ብቻ እያየን ደኅና ነጥብ የሰጠን እኛ መምህራን ነን። ልጅ የሚያውቀውን ትቶ የሚጠበቅበትን መሣል የሚማረው በዚህ ዓይነት ነው፤ እንዲህ የተማረ ሰው ደግሞ ነገ ከተማ ሲያቅድ፣ ቅርስ ሲመዘግብ ወይም መጽሐፍ ሲጽፍ፣ አገሩን እንደ መንገደኛ ከሩቅ ያየዋል።

የዚያን ተማሪ ነጥብ ማስተካከል አልቻልሁም፤ መዝገቡ ተዘግቶ ነበር። ሥዕሉን ግን ለምኜ ተቀብየዋለሁ። ዛሬ የአንኮበርን ትምህርት ስጀምር ከበርናትዝ አንኮበር ጎን እሰቅለውና፣ የማንንም ስም ሳልናገር፣ ተማሪዎቹ ከሁለቱ ሥዕሎች በየትኛው በኩል ተራራውን መውጣት እንደሚችሉ እጠይቃቸዋለሁ።